የሚያሳልፍ ትምህርት ቤት ወይስ የሚደግፍ? ሠፈር ለሚለውጡ ወላጆች

በአዲስ አበባ ሠፈር መለወጥ የተለመደ ነገር ሆኗል። ኮንዶሚኒየም የደረሰው ከመሀል ከተማ ወደ ዳር ይወጣል፤ የቤት ኪራይ የከበደው ቀለል ያለ ሠፈር ፍለጋ ይሄዳል፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከፒያሳ፣ ከካዛንቺስና ከሌሎች ነባር ሠፈሮች ተነስተው ወደ ከተማዋ ዳርቻ የገቡ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ከሐዋሳ፣ ከባሕር ዳር ወይም ከድሬዳዋ በሥራ ዝውውር የሚመጣውም ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ዕቃው ገብቶ፣ ውኃና መብራቱ ተስተካክሎ፣ ጎረቤት ከተተዋወቁ በኋላ የሚቀረው ትልቁ ጥያቄ “ልጆቹን የት እናስገባ?” የሚለው ነው።

ለረጅም ዓመታት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በመምህርነትና በምክትል ርዕሰ መምህርነት ስለሠራሁ፣ ይህንን ጥያቄ ከዘመድም ከወዳጅም በተለይ ከግንቦት እስከ መስከረም ባሉት ወራት ደጋግሜ እጠየቃለሁ። አጠያየቁ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። “እዚያ አካባቢ ጎበዝ የግል ትምህርት ቤት የትኛው ነው?” ይሉኛል። ጎበዝ ሲሉ በ12ኛ ክፍል ብዙ ተማሪ ያሳለፈ ማለታቸው ነው።

እኔ ግን ጥያቄው መለወጥ አለበት ባይ ነኝ። ሠፈርና ከተማ የለወጠ ወላጅ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት “ይህ ትምህርት ቤት ወደ ኋላ የቀረን ልጅ ምን ያደርገዋል?” ብሎ ነው። ምክንያቱም አዲስ የገባ ልጅ፣ በቀድሞው ትምህርት ቤት የቱንም ያህል ጎበዝ የነበረ ቢሆን፣ ለተወሰነ ጊዜ ወደ ኋላ መቅረቱ አይቀርም። የመምህራኑን አነጋገር አያውቅም፤ ጓደኛ የለውም፤ ክፍሉ የደረሰበት ምዕራፍ እርሱ ካቆመበት ይለያል። ለአገሩ እንግዳ፣ ለሰው ባዳ ነው። በዚያ ጊዜ የሚይዘው ሰው ካገኘ ይነሳል፤ ካላገኘ ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ “ሰነፍ” የሚል ስም ይወጣለታል። ይህ ጽሑፍ የሚይዘውን ትምህርት ቤት እንዴት መለየት እንደሚቻል የማውቀውን ለማካፈል የተዘጋጀ ነው።

ሁለተኛ ደረጃ ለምን ይለያል?

በአዲሱ የትምህርት ሥርዓት መሠረት ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል አንደኛ ደረጃ፣ 7ኛና 8ኛ መካከለኛ ደረጃ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ነው። በቀድሞው ሥርዓት አንድ ተማሪ 10ኛ ክፍል ላይ አገር አቀፍ ፈተና ይወስድ ስለነበር፣ ወላጅም ልጁ ያለበትን ደረጃ በመሀል የሚያይበት አጋጣሚ ነበረው። ያ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ነው። አሁን ከ8ኛ ክፍል ፈተና በኋላ ተማሪው በአገር አቀፍ ደረጃ የሚመዘነው 12ኛ ክፍል ሲደርስ ብቻ ነው። በመካከል ባሉት ዓመታት ወላጅ የሚያየው ትምህርት ቤቱ ራሱ አስተምሮ፣ ራሱ ፈትኖ፣ ራሱ ያረመውን ውጤት ነው። ካርዱ ላይ 85 የተጻፈለት ልጅ በእውነት የት እንዳለ የሚነግረን ከትምህርት ቤቱ በስተቀር ማንም የለም።

የመጨረሻው ፈተና ውጤት ደግሞ የሚታወቅ ነው። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 የትምህርት ዘመን 3 ነጥብ 3 በመቶ፣ በ2015 3 ነጥብ 2 በመቶ፣ በ2016 5 ነጥብ 4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8 ነጥብ 4 በመቶ ነበሩ። በ2015ቱ ፈተና አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። ከዚህ ቁጥር ብዙ ወላጆች የሚወስዱት ትምህርት “እንግዲያው ልጄን ካሳለፉት ጥቂቶቹ ዘንድ ላስገባው” የሚል ነው። ሐሳቡ አይፈረድበትም። ነገር ግን ቁጥሩ ሌላም ነገር ይናገራል። አብዛኛው ልጅ በአራቱ ዓመታት ውስጥ በአንድ ወቅት የሚደናቀፍ ከሆነ፣ የትምህርት ቤቱ ዋና ሥራ መሆን ያለበት የተደናቀፈውን ማንሳት ነው። ያልተደናቀፉትን መርጦ ማስፈተን ከዚህ የተለየ ሥራ ነው።

“ይህን ያህል አሳለፍን” የሚለውን ማስታወቂያ እንዴት እናንብብ?

ውጤት በወጣ ሰሞን የትምህርት ቤቶች አጥር በባነር ይሸፈናል። የተማሪዎች ፎቶግራፍ፣ ከፎቶግራፉ ሥር ያመጡት ነጥብ፣ ከላይ ደግሞ “95 በመቶ አሳልፈናል” የሚል ጽሑፍ ይታያል። ጽሑፉ እውነት ሊሆን ይችላል። ጥያቄው 95 በመቶው ከስንት ነው የሚለው ነው።

ለምሳሌ ያህል በአንድ ትምህርት ቤት 120 ተማሪዎች 9ኛ ክፍል ገቡ እንበል። 10ኛ ክፍል ሲደርሱ አማካይ ውጤታቸው ከተወሰነ ነጥብ በታች የሆኑ 30 ልጆች “ለሚቀጥለው ዓመት አንመዘግባችሁም” ተባሉ። 11ኛ ክፍል ሲገቡ 30 ተጨመሩ። 12ኛ ላይ ደግሞ በሞዴል ፈተና ዝቅ ያሉ 20 ልጆች ወላጆቻቸው ተጠርተው “ሌላ ቦታ ቢፈተን ይሻለዋል” ተባሉ። የቀሩት 40 ተፈትነው 38ቱ ካለፉ፣ ትምህርት ቤቱ ያለሐሰት 95 በመቶ አሳለፍኩ ማለት ይችላል። ከገቡት 120 አንፃር ሲታይ ግን ያለፉት 32 በመቶ አይሞሉም።

ይህ አሠራር የሁሉም የግል ትምህርት ቤቶች ነው አልልም። ነገር ግን በቅርብ የማውቀው ነው። በአንድ ወቅት ባገለገልኩበት ትምህርት ቤት በሰኔ ወር የመምህራን ስብሰባ የሚጀምረው “የሚሰናበቱ” ተማሪዎችን ስም ዝርዝር በማንበብ ነበር። በዝርዝሩ ውስጥ በዚያው ዓመት ከሌላ ከተማ የመጡ ልጆች አይጠፉም ነበር፤ ቁጥራቸውም ከድርሻቸው በላይ ነበር። አዲስ ልጅ የመጀመሪያ ዓመት ውጤቱ ዝቅ ማለቱ የሚጠበቅ ሆኖ ሳለ፣ መመዘኛው ግን ይህንን አያውቅም።

ስለዚህ ወላጅ ሦስት ቁጥሮችን አጥብቆ እንዲጠይቅ እመክራለሁ። አንደኛ፣ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል የሚፈተኑት ተማሪዎች 9ኛ ክፍል ሲገቡ ስንት ነበሩ? ሁለተኛ፣ ከእነዚያ ውስጥ አሁን እዚህ ያሉት ስንት ናቸው? ሦስተኛ፣ የወጡት ለምን ወጡ? ርዕሰ መምህሩ ቁጥሮቹን ሳይጨነቅ የሚነግርዎ ከሆነ፣ ለምሳሌ “ስምንት ልጆች ቤተሰባቸው ስለተዛወረ፣ ሦስት ደግሞ በክፍያ ምክንያት ወጥተዋል” ብሎ የሚዘረዝር ከሆነ፣ ተማሪዎቹን በስም የሚያውቅ ትምህርት ቤት ነው። “እኛ ዘንድ ጥራት ላይ ድርድር የለም” የሚል መልስ ብቻ ካገኙ ግን መልሱን አግኝተዋል ማለት ነው።

ፈቃድና ደረጃ

ከሁሉ በፊት ትምህርት ቤቱ ሊያስተምር በሚለው የክፍል ደረጃ ሁሉ ፈቃድ ያለው መሆኑን ያረጋግጡ። እስከ 8ኛ ክፍል ብቻ ፈቃድ ኖሮት የ9ኛን በሂደት ላይ ነኝ የሚል ተቋም ያጋጥማል። በአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤቶችን ፈቃድ የሚሰጠውና የሚያድሰው የከተማዋ የትምህርትና ሥልጠና ጥራት ባለሥልጣን ነው። ፈቃዱ የታደሰበትን ዓመት ጠይቆ ማየት ነውር አይደለም፤ በቢሮ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውም ለዚሁ ነው።

ከፈቃዱ ቀጥሎ የኢንስፔክሽን ደረጃ አለ። ትምህርት ቤቶች በግብዓት፣ በሂደትና በውጤት ተመዝነው ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመደባሉ። ደረጃ 3ና 4 ያገኙት መስፈርቱን እንዳሟሉ ይቆጠራሉ፤ 1ና 2 ከመስፈርቱ በታች ናቸው። ደረጃውን ሲጠይቁ “በመቼው ምዘና?” ብለው ይጨምሩ፤ የዛሬ አምስት ዓመት የተገኘ ደረጃ ስለዛሬው ብዙ አይናገርም። በተጨማሪም ደረጃው ቤተ ሙከራ፣ ቤተ መጻሕፍትና የሠለጠነ መምህር መኖሩን ሊነግርዎ ይችላል እንጂ፣ ልጅዎ በሦስተኛው ሳምንት ሲያለቅስ ማን እንደሚያየው አይነግርዎትም። ደረጃው ትምህርት ቤቶችን ለማጣራት ይጠቅማል፤ ለመምረጥ ግን ብቻውን አይበቃም።

በከተማዋ ዳርቻ ለሚኖሩ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ሸገር ከተማ በ2015 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ በአንዳንድ ሠፈሮች መንገድ ተሻግሮ ያለው ትምህርት ቤት የሚተዳደረው በኦሮሚያ ክልል ሥር ነው። የ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ሥርዓተ ትምህርት በአገር አቀፍ ደረጃ የሚዘጋጅ በመሆኑ ዋና ዋናዎቹ የትምህርት ዓይነቶች አንድ ናቸው። የሚሰጠው የአገር ውስጥ ቋንቋ ትምህርትና የሚከታተለው ቢሮ ግን ሊለያይ ስለሚችል፣ በተለይ ታናናሽ ልጆችም ካሉ፣ ከመመዝገብ በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሲጎበኙ ምን ይዩ?

ትምህርት ቤቱን በወላጆች ቀን ወይም በምረቃ በዓል አይጎብኙ። በዚያ ቀን ሁሉም ያማረ ነው። ከተቻለ በአዘቦት ቀን፣ በተለይ በረፍት ሰዓት ይሂዱ። ያኔ ከሕንፃው ይልቅ ሰዎቹን ያያሉ።

መጀመሪያ በር ላይ ያለው ጥበቃ አርፍዶ የመጣን ተማሪ እንዴት እንደሚያስተናግድ ይመልከቱ። የትምህርት ቤት ጠባይ ከበሩ ይጀምራል። ቀጥሎ ግቢው ውስጥ መምህር ሲያልፍ ተማሪዎች ይሸሻሉ ወይስ ይጠጋሉ? ብቻውን የቆመ ልጅ ካለ ሰው ያናግረዋል? መምህር በእጁ ዱላ ወይም ጎማ ይዞ ይዞራል? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶች ውስጥ በአካል ከሚፈጸም ቅጣት የመጠበቅ መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ስለዚህ “ትንሽ ሥርዓት ለማስያዝ ነው” የሚል መልስ የሚሰጥ አስተዳዳሪ ሕግ ስለመጣስ እየነገረዎት ነው።

ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሰው አለ ወይስ በቁልፍ ተዘግቷል? የቤተ ሙከራው ጠረጴዛ አቧራ ለብሷል? መጸዳጃ ቤቱን፣ በተለይ የሴቶችን፣ ማየት አይፈሩ፤ ውኃ ከሌለውና በሩ ከማይዘጋ መጸዳጃ ቤት የተነሳ ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳትጠጣ የምትውል ልጅ ትምህርት አትከታተልም። በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ እንዳለ በዓይንዎ ይቁጠሩ። ለሁለተኛ ደረጃ የተቀመጠው መስፈርት 40 ነው። ከዚያ ብዙ ካለፈ መምህሩ አዲሱን ልጅ በስም ለማወቅ ወራት ይፈጅበታል።

የኮምፒውተር ክፍሉንም ይመልከቱ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወሰኑ ተፈታኞች በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ማውስ ሳይለምድ ለፈተና የሚቀርብ ልጅ የሚያውቀውን ጥያቄ ሳይቀር በድንጋጤ ያጣዋል። ኮምፒውተሮቹ ስንት እንደሆኑ ብቻ ሳይሆን ተማሪው በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚነካቸው ይጠይቁ።

በመጨረሻም ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ተማሪዎች ሲለቀቁ ከበሩ ውጪ ቆመው ሁለት ሦስት ልጆችን ያነጋግሩ። “ትምህርት ቤታችሁ ጥሩ ነው?” ብለው አይጠይቁ፤ ሁሉም አዎ ይላል። “ሒሳብ ያልገባው ልጅ ማንን ይጠይቃል?” ይበሉ። የአንድ መምህር ስም ወዲያው ከጠሩ መልካም ምልክት ነው።

ለርዕሰ መምህሩ የሚቀርቡ ጥያቄዎች

ከጉብኝቱ በኋላ ቁጭ ብለው ይነጋገሩ። የሚከተሉትን ጥያቄዎች በወረቀት ይዞ መሄድ ይጠቅማል።

1. አዲስ የሚገባ ተማሪን እንዴት ትቀበላላችሁ? ጥሩ ትምህርት ቤት የመግቢያ ፈተናን የሚጠቀመው ልጁ የጎደለውን ለማወቅ ነው። ፈተናውን ካረመ በኋላ “አልጀብራ ላይ ክፍተት አለው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት በማጠናከሪያ ክፍል ይግባ” ይላል። “አልፏል” ወይም “ወድቋል” ብቻ ብሎ ወረቀቱን የሚያስቀምጥ ከሆነ ፈተናው ለመደገፍ ሳይሆን ለማጣራት የተዘጋጀ ነው።

2. ለልጄ ተጠሪው ማን ነው? የክፍል ኃላፊ መምህሩ ስም፣ የሚገኝበት ሰዓትና ስልኩ ሊሰጥዎ ይገባል። “ቢሮ ይምጡ፣ ማንም ያስተናግድዎታል” ማለት ማንም የለም ማለት ነው።

3. ማጠናከሪያ ትምህርት ለማን ነው? በብዙ ቦታ ቅዳሜ የሚሰጠው ቱቶሪያል ለ12ኛ ክፍል ጎበዞች ብቻ ነው። 9ኛ ክፍል ሆኖ ወደ ኋላ ለቀረ ልጅ አለ? ክፍያው ተጨማሪ ነው?

4. ልጄ በመጀመሪያው ወር በሒሳብ 45 ቢያመጣ መቼ እሰማለሁ? ከሴሚስተሩ መጨረሻ በፊት ካልሆነ ረፍዷል። ውጤት በየሳምንቱም ሆነ በየወሩ በደብተር፣ በስልክ ወይም በሌላ መንገድ ለቤት የሚያሳውቅ ይምረጡ።

5. ባለፈው ዓመት ስንት መምህራን ለቀቁ? በግል ትምህርት ቤቶች መምህር በዓመቱ አጋማሽ የሚለቅበት ጊዜ ብዙ ነው። የፊዚክስ መምህር በጥር ሲሄድ የሚተካው በመጋቢት ከሆነ፣ በዚያ መሀል ያለፈውን ምዕራፍ ማንም አይመልሰውም።

6. የሥነ ልቦና አማካሪ አላችሁ? ካለ ለስንት ተማሪ ነው? የራሱ ክፍል አለው ወይስ ጥፋተኛ ተማሪ የሚላክበት ቢሮ ውስጥ ነው የሚቀመጠው? አማካሪው የቅጣት ኮሚቴ አባል ከሆነ ልጅ ምስጢሩን አይነግረውም።

7. ልጆች እርስ በርስ ሲሳደቡ ወይም አንዱን ሲያገልሉ ምን ታደርጋላችሁ? በአነጋገሩ፣ በብሔሩ ወይም በመጣበት ከተማ የሚቀለድበት ልጅ የተለመደ ነው። “እኛ ጋ እንዲህ ዓይነት ነገር የለም” የሚለው መልስ አያሳምንም። “ባለፈው ዓመት ገጥሞን ነበር፤ እንዲህ አድርገን ፈታነው” የሚለው ግን ያሳምናል።

8. ወላጆች በትምህርት ቤቱ ምን ድርሻ አላቸው? የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረቱ በዓመት ስንት ጊዜ ይሰበሰባል? የክፍያ ጭማሪ ሲኖር ብቻ የሚጠራ ኅብረት ለድጋፍ የቆመ አይደለም።

ስለ ቋንቋና ልዩ ድጋፍ

ከክልል ወደ አዲስ አበባ ለሚመጡ ቤተሰቦች ትልቁ እንቅፋት ቋንቋ ነው። ሁለተኛ ደረጃ በመላ አገሪቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። በኦሮሚያ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ፣ በትግራይ በትግርኛ የተማረ ልጅ 9ኛ ክፍል ሲገባ ሁሉንም ትምህርት በአዲስ ቋንቋ ይጀምራል። በአዲስ አበባ ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ከታችኛው ክፍል ጀምሮ እንግሊዝኛን አጥብቀው ስለሚይዙ አጠገቡ የተቀመጠው ልጅ ቋንቋውን ለምዶታል። አዲሱ ልጅ ያቃተው ባዮሎጂው ይሁን እንግሊዝኛው መለየት የመምህሩ ሥራ ነው። ትምህርት ቤቱ ይህን ልዩነት ያውቀው እንደሆነ ይጠይቁ። “አንድ ሴሚስተር እንታገሰዋለን” ማለት ብቻውን በቂ አይደለም፤ በዚያ ሴሚስተር ምን እንደሚያደርጉለት ይንገርዎት።

የማየት፣ የመስማት ወይም የመንቀሳቀስ ችግር ያለበት፣ ማንበብ ወይም ትኩረት ማድረግ የሚከብደው ልጅ ያላቸው ወላጆች ደግሞ ሁኔታውን ደብቆ ማስመዝገብ ይቀናቸዋል። ፍርሃታቸው ይገባኛል፤ እውነቱን በመናገራቸው በር የተዘጋባቸውን አውቃለሁ። ሆኖም ሲነገረው በሩን የሚዘጋ ትምህርት ቤት፣ ሳይነገረው ቢቀበልም በጥቅምት ወር ማወቁና ማስወጣቱ አይቀርም። ስለዚህ አስቀድሞ ተናግሮ መልሱን ማየት ይሻላል። የልዩ ፍላጎት ትምህርት የተማረ መምህር አለ? በፈተና ላይ ተጨማሪ ሰዓት ይሰጣል? ክፍሉ ምድር ቤት ሊሆን ይችላል? ይህንን ጥያቄ የሚመልስ ሰው ያለበት ትምህርት ቤት ችግር ለሌለበት ልጅም ቢሆን የተሻለ መሆኑን በሥራ ዘመኔ አይቻለሁ።

መቼ ማዛወር፣ መቼ መታገስ?

ለመዛወር የሚመቸው 9ኛ ክፍል ሲጀመር ነው፤ ያኔ ሁሉም ተማሪ አዲስ ነው። 10ኛም ቢሆን አያስቸግርም። 11ኛ ክፍል ላይ ተማሪው የተፈጥሮ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ ስለሚመርጥ፣ የሚገባበት ትምህርት ቤት ሁለቱንም ዘርፎች የሚያስተምር መሆኑን ያጣሩ። አንዳንድ አነስተኛ የግል ትምህርት ቤቶች ያላቸው የተፈጥሮ ሳይንስ ብቻ ስለሆነ፣ ልጁ ያልፈለገውን ለመማር ይገደዳል።

12ኛ ክፍል የደረሰን ልጅ ግን ከተቻለ አያዛውሩ። የፈተናው ምዝገባ በትምህርት ቤቱ በኩል ስለሚካሄድ፣ በዓመቱ መሀል የሚደረግ ዝውውር ስም መጥፋትንና መንከራተትን ሊያስከትል ይችላል። አዲሱ ቤት ሩቅ ከሆነ ልጁ ለአንድ ዓመት አክስቱ ወይም አያቱ ጋ ሆኖ ቢጨርስ ብዙ ጊዜ ይሻላል። ፈተናው ከ2014 የትምህርት ዘመን ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ እንዲሰጥ በመደረጉ፣ ከቤት ርቆ ማደርን መለማመዱም ጉዳት የለውም።

ማስረጃዎችን በተመለከተ የቀድሞው ትምህርት ቤት ከመዘጋቱ በፊት መሸኛ ደብዳቤ፣ የ9ኛ ክፍል እና ከዚያ በኋላ ያለውን ትራንስክሪፕት እንዲሁም የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ውጤት ማስረጃን ያውጡ። የልደት የምስክር ወረቀትና ጉርድ ፎቶግራፍም ያስፈልጋሉ። ያልተከፈለ ወርኃዊ ክፍያ ካለ መሸኛው ስለሚዘገይ ቀድመው ይጨርሱ። የልጁ ስም በአማርኛም ሆነ በእንግሊዝኛ በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ፊደል ይኑረው፤ የአንዲት ፊደል ልዩነት 12ኛ ክፍል ላይ ብዙ ቢሮ ታዞራለች።

ርቀትና ክፍያ

ጥሩ የተባለው ትምህርት ቤት ከአዲሱ ሠፈር በታክሲ አንድ ሰዓት ተኩል ከሆነ፣ ልጁ በቀን ሦስት ሰዓት መንገድ ላይ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት የሚነሳ የ15 ዓመት ልጅ አንደኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ያንቀላፋል፤ ማታ ደግሞ የቤት ሥራውን ጨርሶ ለማንበብ አቅም አይኖረውም። ሰርቪስ ካለ ልጅዎን ስንተኛ ላይ አንስቶ ስንተኛ ላይ እንደሚያወርድ ይጠይቁ። እኔ ብጠየቅ በጥራት ትንሽ የሚያንሰውን፣ ግን ልጁ በእግሩ የሚደርስበትን እመርጣለሁ። በእግር የሚደረስበት ትምህርት ቤት ጓደኞቹም የሠፈር ልጆች ናቸው፤ ከትምህርት በኋላ መቆየትም ይችላል።

ክፍያን ሲያሰሉ ወርኃዊውን ብቻ አይዩ። መመዝገቢያ፣ ሰርቪስ፣ ዩኒፎርም፣ መጻሕፍት፣ ማጠናከሪያና የተለያዩ መዋጮዎች ተደምረው የዓመቱን ወጪ በእጅጉ ከፍ ሊያደርጉት ይችላሉ። ዝርዝሩን በጽሑፍ ይጠይቁ። ካለፉት ሦስት ዓመታት ወዲህ ስንት ጊዜ እንደተጨመረም ይወቁ፤ ምክንያቱም በክፍያ አቅም ማጣት ልጅን በ11ኛ ክፍል ዳግም ማዛወር ከመጀመሪያው ዝውውር የከፋ ነው።

ከገባ በኋላ

ምርጫው ሲጠናቀቅ ልጁም የሚለው ይኑረው። ሁለት ወይም ሦስት ትምህርት ቤት አጣርተው ካዩ በኋላ የመጨረሻውን ምርጫ ከእርሱ ጋር ያድርጉ። በራሱ ምርጫ የገባ ልጅ ለመልመድ ይጥራል።

ከዚያም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ስለ ውጤት ከመጠየቅዎ በፊት “ዛሬ ምሳህን ከማን ጋር በላህ?” ይበሉት። በኅዳር ወር ላይም መልሱ “ብቻዬን” ከሆነ ወደ ክፍል ኃላፊ መምህሩ ይሂዱ። መምህሩ “አዎ፣ እኔም አስተውያለሁ” ካለ ልጅዎ ጥሩ ቦታ ነው፤ አብራችሁ ትረዱታላችሁ። “የትኛው ነው የእርስዎ ልጅ?” ብሎ ከጠየቀ ግን ባነሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ምንም ያህል ቢሆን፣ ለሁለተኛው ሴሚስተር ሌላ ትምህርት ቤት ማሰብ መጀመር ይገባል።